አስጠኚው ለልጁ ይምጣ እንጂ ለሆምወርኩ አይምጣ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ እዚሁ ሰፈር ባለ የግል ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል ይማራል። አባቱ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚያድርባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። እኔ ቂሊንጦ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ቤት የምገባው ማታ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። እስክመጣ ልጁ ከእናቴ ጋር ነው የሚሆነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔም ትምህርቴን ያቋረጥኩት 8ኛ ክፍል ላይ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ ሲመጣ ከ41 ልጆች 36ኛ ወጣ። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይም «አስጠኚ ይቀጠርለት» ተብሎ ተጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰዎች አገኘሁ። አንዷ የራሱ የክፍል መምህርት ናት፤ ቅዳሜና እሑድ እቤቷ እየመጣ በወር 4,000 ብር ላስጠናው ትላለች። ሁለተኛው የመብራት ምሰሶ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ስልኩን ያገኘሁት ኤጀንሲ ነው። ዲግሪ ያለው ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን እልካለሁ፣ 5,000 ብር ነው ይላል፤ የመጀመሪያውን ወር ግን ቀድሜ ለእሱ እንድከፍል ይፈልጋል። ሦስተኛው የጎረቤቴ የእህት ልጅ ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ «የፈለግሽውን ስጪኝ» ብሎኛል።

መምህርቷን እምቢ ብላት ልጄ ላይ ቂም እንዳትይዝ እፈራለሁ። እኔ በሌለሁበት ባዳ ሰው ቤቴ ማስገባቱም ያሳስበኛል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ሱቅ ስልከው መልስ አይሳሳትም፤ ሂሳብ በቃል ስጠይቀው ይመልሳል። ወረቀት ላይ ሲሆን ነው የሚጠፋበት። የትኛውን ልያዝ?

የቱሉ ዲምቱዋ እናት

መልስ

እህቴ፣ ትልቁን ነገር የጻፍሽው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ነው። ሱቅ ተልኮ መልስ የማይሳሳት፣ በቃል ሲጠየቅ የሚመልስ፣ ወረቀት ሲቀርብለት ግን የሚጠፋበት ልጅ። አቃቂ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሳስተምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ እንዲህ ያሉ ልጆች በየዓመቱ ይገጥሙኝ ነበር። አብዛኞቹ ሂሳቡን የሚችሉ፣ ጥያቄውን ማንበብ ግን የሚያቅታቸው ነበሩ። ያንቺም ልጅ እንደዚያ ነው ብዬ ሳላየው አልፈርድም። ግን ለማንም አንድ ብር ከመክፈልሽ በፊት ራስሽ አረጋግጪ። 8ኛ ክፍል መድረስሽ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

እሑድ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ሲጨርስ፣ የሚያሾፍበት ሰው በሌለበት፣ የአምናውን የ3ኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ አውጪና አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልሽ። አታርሚው፤ ስሚው ብቻ። ቃሉን አንድ ላይ ነው የሚለው ወይስ ፊደል በፊደል እየገጣጠመ? የቃሉን መጀመሪያ ብቻ አይቶ ቀሪውን በግምት ይሞላል? ሲጨርስ መጽሐፉን ዝጊና «ምን ይላል?» ብለሽ ጠይቂው። ፊደሉን ሁሉ ጠርቶ ያነበበውን ታሪክ መናገር ካልቻለ፣ ችግሩን አገኘሽው ማለት ነው።

ፊደሉ ራሱ የሚያደናቅፈው ከሆነ ገበታውን አምጪ። ሀ ሁ ሂ እያሉ በዜማ መውረድ ለልጅ ቀላል ነው፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት 231 ሲሆኑ በዜማው ተሸክሟቸው ይሄዳል። ከመሀል አንዱን፣ «ጼ»ን ወይም «ዦ»ን፣ ስትጠቁሚው ግን ዜማው አይረዳውም። የኔታዎች ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን ያስቆጥሩ የነበረው ለዚህ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ በቃሉ የያዘውና በዓይኑ የለየው ልጅ ይለያሉ። 4ኛ ክፍል ደርሶ ፊደል ያልለየ ልጅ ብርቅ እንዳይመስልሽ። በ2002 ዓ.ም በአገራችን በተደረገ የንባብ ፈተና፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲያነቡ ከተጠየቁት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለም። እነዚያ ልጆች ክፍል እያለፉ ነው የሄዱት፤ ሰነፎችም አልነበሩም።

ቀጥለሽ አንዲት የሂሳብ ጥያቄ ስጪው፤ 402 ሲቀነስ 178። ትክክለኛው መልስ 224 ነው። 376 ብሎ ከጻፈ ደስ ይበልሽ፤ ምክንያቱም ስህተቱ ሥርዓት አለው። በየቤቱ ትንሹን ከትልቁ ነው የቀነሰው፦ ከ8 ላይ 2፣ ከ7 ላይ 0፣ ከ4 ላይ 1። መዋስን አልተረዳም፤ በተለይ መሀል ላይ ዜሮ ሲገጥመው ከማን እንደሚዋስ አያውቅም። ይህ በትክክል ለሚያውቅበት አስተማሪ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ሳይታወቅ ሲቀር ግን ልጁ አምስት መቶ የመቀነስ ጥያቄ በዎርክሺት ይሠራና አምስት መቶ ጊዜ ያንኑ ስህተት ይለማመዳል።

አንድ ነገር ይቀራል። ከሂሳብ ፈተና ወረቀቱ የተሳሳተውን፣ በቃላት የተጻፈ ጥያቄ ምረጪ፤ እንግሊዝኛ ከሆነ ያ የጎረቤትሽ ተማሪ በአማርኛ ይንገርሽ። ከዚያ ለልጁ በቃል ጠይቂው። ከመለሰው ሂሳቡን ያውቀዋል፤ የከለከለው የጥያቄው እንግሊዝኛ ነው። የግል ትምህርት ቤቶቻችን ልጆች አማርኛውን በወጉ ማንበብ ሳይችሉ ሳይንሱንም ሂሳቡንም በእንግሊዝኛ ይጭኑባቸዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። በአንድ ቋንቋ ማንበብ የቻለ ልጅ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ በአንዱም ያልቻለ ግን ከሁለቱም እየጎደለ ያድጋል።

አሁን ወደ ሦስቱ ሰዎች።

የክፍል መምህርቱን አትያዣት። ሴትዮዋ ክፉ ናት አላልኩሽም፤ የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ ኖሬበት አውቀዋለሁ፤ ተጨማሪ ሥራ መፈለጓ አይፈረድባትም። ነገር ግን ፈተና የምታወጣው እሷ፣ የምታርመው እሷ፣ ካርድ የምትሞላው እሷ ናት። ሳታስበው እንኳ የምታስጠናው የምትፈትነውን ይሆናል። 36ኛው ልጅ 12ኛ ይወጣና ደስ ይልሻል፤ 5ኛ ክፍል ሌላ መምህር ሲገጥመው 402 ሲቀነስ 178 አሁንም 376 ነው። በዚያ ላይ ቀን 40 ልጅ ይዛ ያላየችለትን ክፍተት ቅዳሜና እሑድ ከሌሎች ስድስት ሰባት ልጆች ጋር ሳሎኗ ሰብስባ ታየዋለች ብዬ አላምንም። ከእሷ የምትፈልጊው ሌላ ነገር አለ፤ እመለስበታለሁ።

ኤጀንሲው ቀድመሽ ክፈይ ማለቱ ብቻ እንድትጠነቀቂ ይበቃል። ብዙዎቹ የሚሠሩት አገናኝተው ኮሚሽን በመውሰድ ነው። አንዳንዱ የመጀመሪያውን ወር፣ አንዳንዱ በየወሩ ይቆርጣል። አንቺ 5,000 ስትከፍዪ አስጠኚው እጅ ስንት ይገባል? ጠይቂ። እጁ የሚገባው ጥቂት ከሆነና ከመገናኛ ወይም ከአራት ኪሎ ሁለት ሦስት ታክሲ ይዞ የሚመጣ ከሆነ፣ ሰፈሩ የቀረበ ሥራ ባገኘ ቀን ይቀራል። እኛ ከከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ይህን ልብ ልንል ይገባል። ለእኛ አስጠኚ ሲመረጥ ከዲግሪው በፊት የሚታየው ከየት እንደሚመጣ ነው። በግንቦት መጨረሻ ዝናቡ ሲጀምር፣ ማታ ታክሲ ሲጠፋ፣ ከቃሊቲ ማዶ የሚመጣ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ሰዓቱን አያከብርም። ልጅ ደግሞ አስጠኚ በየሁለት ወሩ ሲለዋወጥበት ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል።

የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይሄዳል፤ አክስቱን ታውቂያታለሽ። ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ መዋስ ብቻ ሆኖ ከተገኘ እሱን ያዢ። ችግሩ ንባብ ከሆነ ግን አይበቃም። የምህንድስና ተማሪ ማንበብን በአምስት ዓመቱ ተምሮ ረስቶታል፤ ለሱ ፊደል መለየት እንደ መተንፈስ ስለሆነ ልጁ ምን ላይ እንደሚደናቀፍ አይታየውም። «ይሄ እኮ ቀላል ነው» ይለዋል። በማያነብ ልጅ ጆሮ ይህች ቃል በጣም ከባድ ናት። የራሱ ፈተና ሲደርስ ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት አይገኝም፤ ያንን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ለንባብ የምትፈልጊው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የሚያስተምር ወይም ያስተማረ ሰው ነው፤ በተለይ የ1ኛ ክፍል መምህር። ዲግሪ አይኑረው፣ ዲፕሎማ ይበቃል። እንዲህ ያሉ መምህራን በኮንዶሚኒየሞቻችን ውስጥ በብዛት ይኖራሉ፤ ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ስለማይለጥፉ ነው የማናያቸው። በአቅራቢያሽ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ልጆች ሲለቀቁ በር ላይ ቆመሽ እናቶቹን «1ኛ ክፍል ጎበዝ የምትባለው መምህርት ማን ናት?» ብለሽ ጠይቂ። ወላጆች አንድ ስም ይደጋግማሉ። በዕድርሽም፣ በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕም ጠይቂ። እሷ ባትችል እንኳ ጡረታ የወጣች ባልደረባዋን ትጠቁምሻለች።

ማንም ሆነ ማን፣ ከመስማማትሽ በፊት አንድ ቀን ከፍለሽ ሞክሪ፤ ዕረፍት በሆንሽበት ቀን ይምጣና ወጥ እየሠራሽ እዪው። እርሳሱ በማን እጅ ነው? በአስጠኚው እጅ ከሆነ ሆምወርኩ እየተሠራ ነው፣ ልጁ ግን እየተማረ አይደለም። ጥያቄ ጠይቆ ስንት ጊዜ ይታገሳል? ልጁ ዝም ሲል ወዲያው መልሱን የሚነግር ሰው ደግ ይመስላል፤ ለልጁ የማሰቢያ ጊዜ አይሰጠውም። ሲጨርስ «እንዴት ነው፣ ጎበዝ ነው?» አትበዪ። «ምኑን ነው ያላወቀው?» በዪ። «አይዞሽ፣ ሁሉንም አሳየዋለሁ» የሚልሽን አመስግነሽ ሸኚ። «ሳድስ ፊደል መሀል ላይ ሲመጣ ይሳሳታል» ወይም «ዜሮ ላይ መዋስ አልገባውም» የሚልሽን ያዢ።

ይህን ያህል የምወተውትሽ የሆምወርክ አስጠኚ በአካባቢያችን እየበዛ ስላየሁ ነው። ወላጅ ፈርቷል፤ ፍርሃቱም ከሜዳ አልመጣም። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደንግጧል። በ2017 ዓ.ም እንኳ 8.4 በመቶ ነው የደረሰው። ያ ድንጋጤ ወደ ታች ወርዶ ኬጂ ድረስ አስጠኚ አስቀጥሯል። ነገር ግን ደብተሩ በሙሉ በሌላ ሰው እጅ በትክክል የተሞላለት ልጅ የፈተናው ቀን ብቻውን ነው የሚቀመጠው።

ስለዚህ ውልሽ ግልጽ ይሁን። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት። የመጀመሪያው አርባ ደቂቃ ልጁ ለጎደለው ነገር፤ ንባብ ከሆነ ንባብ፣ መዋስ ከሆነ መዋስ። ሆምወርክ በቀረችው ሃያ ደቂቃ፤ ያላለቀው ሳያልቅ ይሂድ፤ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይም «ይህን ብቻውን ሠርቷል» ብለሽ ጻፊ። ልጁ ከትምህርት ቤት እንደገባ አይጀመር። መክሰስ ይብላ፣ ወርዶ ኳስ ይጫወት። ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ደህና ነው፤ ሴት መምህርት ከሆነችም ሳይጨልም ቤቷ ትገባለች። ከሦስቱ አንዱን ቅዳሜ ጠዋት ብታደርጊው አንቺም ትኖሪያለሽ።

ባዳ ሰው ስለማስገባቱ የጠየቅሽው ተገቢ ነው፤ ወንድም ይሁን ሴት፣ የጎረቤት ዘመድም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው። ጥናቱ ሳሎን ውስጥ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ እናትሽ ባሉበት ይሁን። እናትሽ ዕድር ወይም ለቅሶ ከሄዱ የዚያን ቀን ጥናት የለም። መኝታ ቤት አይገባም፤ ልጁን ይዞ ወደ ውጭ አይወጣም፤ አንቺ የማታውቂው ስጦታ አይሰጥም፤ ስልኩን ለጨዋታ አያውሰውም። የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያውን ፎቶ አንሺ፤ ቀድሞ ያስጠናበትን ቤት ስልክ ተቀብለሽ ራስሽ ደውዪ። ይህን ስትጠይቂው የሚቆጣ ሰው ይቅርብሽ፤ ደህና አስተማሪ እናት መጠየቋን ያከብራል። ለልጁም «ቲቸር የሆነ ነገር ለእማዬ አትንገር ካለህ በዚያው ቀን ንገረኝ» ብለሽ አስረጂው፤ ደግመሽ ደጋግመሽ።

ስለ ገንዘቡ። 5,000 ብር ከፋብሪካ ደመወዝ ላይ ከባድ ነው። በብሎክሽ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሌላ ልጅ ካለ ሁለቱን አንድ ላይ አስጠኑና ተካፈሉ። ሦስት ከሆኑ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሌላ ክፍል ይሆናል። ተመሳሳይ ችግር ማለቴ ነው፣ ተመሳሳይ ክፍል አላልኩም፤ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ካንቺ ልጅ ጋር ንባቡ እኩል ከሆነ አብረው ይቀመጡ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ለዕረፍት የሚመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ አገልግሎት በነፃ የሚሰጡት የማጠናከሪያ ትምህርት አለ፤ በሰኔ ወረዳሽን ጠይቂና አስመዝግቢው። ለአስጠኚሽ የመጣበትን ቀን በደብተር እየጻፍሽ በወሩ መጨረሻ ሳታጓድዪ ክፈዪ፤ በቴሌብር ከሆነ ማስረጃም ይኖርሻል። «ዕቃ አጥበሽ ሂጂ»፣ «ትንሿንም ያዥልኝ» አይባልም። ልጁ አስተማሪውን የሚያከብረው ቤተሰቡ ሲያከብር አይቶ ነው።

አንቺ ደግሞ ማታ ከእራት በኋላ ሩብ ሰዓት ስጪው። ደክመሽ እንደምትገቢ አውቃለሁ፤ ጋደም ብለሽ ስሚው፤ እሱ ያንብብ፤ አማርኛ ይሁን። የልጆች ተረት መጽሐፍ ከሌለሽ የጋዜጣ ቁራጭም፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ያለው ጽሑፍም ይነበባል። አባቱም ሚሌ ወይም ጋላፊ ሲያድር ኔትወርክ ካገኘ ይደውልና አንድ ገጽ ያስነብበው። አባቱ ሲሰማው የሚያነብ ልጅ ጎበዝ ለመሆን ይተጋል። እናትሽም ባያነቡ ያነበበውን ታሪክ መልሶ ይንገራቸው፤ የገባውና ያልገባው የሚለየው ያኔ ነው።

በሁለት ወሩ ያችኑ የ3ኛ ክፍል ገጽ፣ ያችኑ 402 ሲቀነስ 178 መልሰሽ ስጪው። ካርዱን አትጠብቂ፤ ደረጃ የሌሎች ልጆችም ጉዳይ ነው፤ 36ኛው 34ኛ ቢሆን ምንም አይነግርሽም። ንባቡ ካልተፈታ አስጠኚውን ጠይቂ፤ ምክንያቱ ካላረካሽ ቀይሪ። ከተፈታ ደግሞ ቀኑን ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ቀንሺ። በጥሩ አስጠኚ የተጀመረ ጥናት ማብቂያ ሊኖረው ይገባል።

ወደ ክፍል መምህርቱ ልመለስ። ዝም ብለሽ አትጥፊባት፤ ስልኳንም አትዝጊ። ሂጂና እንዲህ በያት፦ «እግዜር ይስጥልኝ ስላሰብሽለት። ቤት ቅርብ ሰው አግኝቻለሁ። አንቺን የምለምንሽ፣ ክፍል ውስጥ ምኑ ላይ እንደሚቸገር ጻፊልኝና ለአስጠኚው ልስጠው፤ በየወሩም ለውጥ ካየሽበት ንገሪኝ።» አብዛኞቹ መምህራን እንዲህ ሲጠየቁ ልባቸው ይከፈታል፤ ልጁንም በተለየ ዓይን ማየት ይጀምራሉ። የታረሙ ፈተናዎቹን ግን ከዛሬ ጀምሮ ቀን እየጻፍሽባቸው አንድ ቦታ አስቀምጪ። የምትፈሪው ደርሶ ትክክል የሠራው ጥያቄ ነጥብ ተነፍጎት ካገኘሽ፣ ወረቀቱን ይዘሽ መጀመሪያ እሷን፣ ካልሆነ ዩኒት ሊደሩን አነጋግሪ። እሷ ፊት ስለ ገንዘቡም ስለ ጥናቱም አታንሺ፤ ወረቀቱን ብቻ አሳዪ።